ከስልሳ አምስት በላይ

«ሰው ልጅህ ጤነኛ ነች ስለተባለ ይጣላል እንዴ?» አለ ዘበኛው፣ በሩን በትከሻው ደግፎ። «እዚህ በር ላይ ዘጠኝ ዓመት ስቆም ያልሰማሁት ክስ የለም። ወረፋዬን ተቀማሁ ያለ አለ፣ መርፌው ደንዟል ያለ አለ። ልጄን ለምን ደህና ነች አላችሁብኝ የሚል ግን ካንተ በቀር አላየሁም። ትናንትም ነግሬሃለሁ፣ ከትናንት ወዲያም ነግሬሃለሁ። ሂድና ደስ ይበልህ!»

«ደስታውን ላንተ ሰጥቼሃለሁ» አለ ሰውየው። ረጅም ነው፤ የእጆቹ ቆዳ ጥቁርና ግራጫ ሆኖ የተቃጠለ ጎማ መስሏል። «ዜሮ እኮ ነው ያላችሁኝ። ዜሮ! እኔ ከባትሪ ጋር አሥራ አራት ዓመት የኖርኩ ሰው ነኝ። ግቢዬ ውስጥ የምታድር ድመት ደሟ ቢመረመር ዜሮ አይወጣላትም። ልጄ ዜሮ ከየት አመጣች?»

ከኋላቸው ቆማ መንገድ እስኪለቁላት የምትጠብቀው ሴት ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች። የጤና ጣቢያው የኮምፒውተር ፕሮግራም ባለሙያ ነች። የመሥሪያ ቤቱ ሰው «ወንፊት» ይላታል። ዱቄት ቢሰጧት ትነፋለች፣ የተነፋ ቢሰጧት ደግማ ትነፋለች ብለው ያወጡላት ስም ነው። እሷም ስሙን ጠልታው አታውቅም፤ ሳይነፋ የሚጋገር ነገር የሚጠላ ሰው ቢኖር እሷ ነበረች። አሁን ግን «ዜሮ» የሚለው ቃል ጆሮዋ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ።

«ስልኩን ያሳዩኝ፣ ወንድሜ» አለችው።

መልእክቱ አጭር ነው። «ውጤት፦ 0። ልጅዎ ከእርሳስ ነጻ ነው።» ከተላከ አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል። እያንዳንዱን ቃል የጻፈችው እሷ ነች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጤና ጣቢያው በስተጀርባ ያለው ሰፈር አሮጌ የመኪና ባትሪ እየሰበረ፣ እርሳሱን እያቀለጠ የሚኖር ሰፈር ነው። ጭሱ ልብስ ላይ ይቀመጣል፣ ከልብስ ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ ልጅ አፍ ይገባል። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ማወቅና መተው በአንድ ግቢ የሚኖሩበት አገር ግን ብዙ ነው። በመጨረሻ ከስድስት ዓመት በታች የሆኑ አራት መቶ አሥራ ሁለት ልጆች ተመረመሩ። የላብራቶሪው ሰው ውጤቱን በወረቀት ይጽፋል፣ መዝጋቢዋ ከወረቀቱ ወደ ኮምፒውተር ትገለብጣለች፣ ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ ራሱ ይለያል። አርባ አምስትና ከዚያ በላይ የሆነውን ለሕክምና ይጠራል፣ መካከለኛውን ለክትትል ይቀጥራል፣ ከአምስት በታች የሆነውን «ነጻ ነው» ብሎ ያሰናብታል። እርሳሱን ከደም የሚያጥበውን መድኃኒት ይዘው የመጡ ሐኪሞች በጤና ጣቢያው ዋርድ ውስጥ መዝገብ ከፍተዋል። መዝገቡ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል። ስማቸው ለሰፈረ ልጆች የሚበቃውን መድኃኒት ትተው፣ የቀረውን ይዘው ነገ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳሉ። የሚመለሱት ከሦስት ወር በኋላ ነው።

«ልጅትዋ ምን ትሆናለች?» አለችው ወንፊት፣ ወደ ውስጥ እያስገባችው።

«ሆዴን ትላለች። እሱስ ይሁን፣ የልጅ ሆድ መቼ አርፎ ያውቃል። ግን እስከ አሥር ትቆጥር ነበር። ቀልጣፋ ነበረች፣ ጎረቤት ጠርታ ትቆጥርላቸው ነበር። አሁን አራት ላይ ትቆምና ታየኛለች። እኔ እንድነግራት።» ሰውየው ዓይኑን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ሦስት ዓመት ተኩሏ ነው።»

ወንፊት ኮምፒውተሩን ከፈተች። የልጅትዋ መዝገብ ላይ ያለው ዜሮ ነው። ከላይ ያለው ልጅም ዜሮ፣ ከታች ሦስት መስመር ወርዶም ዜሮ። ሁሉንም አስቆጠረችው። መቶ ሠላሳ አንድ ዜሮ። የመመርመሪያ መሣሪያው ግን ዜሮ ብሎ አያውቅም። ከሦስት በታች የሆነውን ማንበብ ስለማይችል «ዝቅተኛ» ይላል እንጂ ዜሮ አይልም። እነዚህን ዜሮዎች የወለደቻቸው እሷ ነች። ከየትኛው የፕሮግራሙ መስመር እንደወጡ፣ የጻፈችበትን ቀንና ሰዓት ሳይቀር ታስታውሳለች።

ሰው ስክሪን ላይ ባለ ሳጥን ውስጥ የሚጽፈው ነገር ሁሉ ለኮምፒውተር መጀመሪያ ጽሑፍ ነው። አርባ ሰባት ብለው ሲጽፉለት የሚያየው ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ምልክቶችን ነው፤ ቁጥር መሆናቸውን የሚያውቀው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ መመርመሪያ ከጻፈለት ብቻ ነው። ወንፊት የጻፈችው መመርመሪያ የሚያኮራ ነበር። ሳጥኑ ባዶ ከሆነ ይመልሳል። ፊደል ከተቀላቀለበት ይመልሳል። የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክት ከፊት አንድ ጊዜ ከመጣ ያሳልፋል፣ ከኋላ ወይም ከመሀል ከመጣ ይመልሳል። የመለሰውን ደግሞ በቀይ ጽሑፍ «ይህ ሙሉ ቁጥር አይደለም» ብሎ፣ እስኪስተካከል ድረስ ንቅንቅ አይልም።

በመጀመሪያው የምዝገባ ቀን ቀዩ ጽሑፍ እስከ ምሳ ሰዓት ሠላሳ አራት ጊዜ ወጣ። መዝጋቢዋ ወንበሯን ገፍታ ተነሣች። «እኔ ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው የጻፍኩት! ይህ ዕቃ የሚሰድበኝ ምን አድርጌው ነው?» ብላ በቀጥታ ወደ ሥራ አስኪያጁ ገባች። ሥራ አስኪያጁን ሠራተኛው በሌለበት «አቶ ለጊዜው» ይለዋል፤ ከአፉ የማትጠፋ ቃል ስለሆነች። «ኮምፒውተር የገዛነው ሥራ እንዲያቀልልን ነው እንጂ እንዲገሥጸን አይደለም» አለ አቶ ለጊዜው። «ለጊዜው ዝም ይበል። በኋላ ታስተካክዪዋለሽ።»

ወንፊት ሩብ ሰዓት ያህል ተከራከረች። ከዚያ ተናደደች። ቁጣዋ ደግሞ ክፉ ነው፤ ከተናደደች ሰው የጠየቃትን ነገር እስከ ጥግ አድርጋ በመስጠት ነው የምትበቀለው። ዝም ይበል አላችሁ? ይኸው ዝም! ሙሉ ቁጥር ካልሆነ ዜሮ ቁጠረው ብላ አንድ መስመር ጻፈችና ኪቦርዱን ገፋችው። መዝጋቢዋ ያስቸገራትን ወረቀት አምጥታ ሞከረች። «3-» ይላል። ከሦስት በታች ማለት ነው፤ የላብራቶሪው ሰው የዘመናት አጻጻፍ። ሳጥኑ ውስጥ ዜሮ ሆነ፣ ፕሮግራሙም «ነጻ ነው» አለ። ልጁ በእርግጥም ነጻ ነበር። ሥራ አስኪያጁን ጨምሮ ሦስቱም ተያዩና፣ ጎሽ፣ አሉ። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል ይባላል። እነሱ ግን አንድ ጊዜ ነክሰው ሥጋ ሆኖ ስላገኙት ቀሪው ሁሉ ሥጋ መሰላቸው።

ሰውየውን ወንበር ላይ ትታ ወደ ላብራቶሪው ወረደች።

የላብራቶሪው ሰው፣ «ጋሼ ጠብታ»፣ ከጣት ላይ ደም ሲወስድ ሕፃን አያለቅስም የሚባልለት ሽማግሌ ነው። ወረቀቶቹን በሳጥን ሳጥን አስሮ አስቀምጧል። መዝጋቢዋም እዚያው ተቀምጣ ነበር።

«ጋሼ፣ መሣሪያው ከላይ እስከ ስንት ነው የሚያነበው?»

«ስልሳ አምስት። ከዚያ በላይ ሲሆን ‹ከፍተኛ› ይልና አርፎ ይቀመጣል። እንደ አንዳንድ ባለሥልጣን።»

«ያኔ እርስዎ ምን ብለው ይጽፋሉ?»

«ስልሳ አምስት ጽፌ ከኋላው መደመር አደርግበታለሁ። ከዚህ ያልፋል ማለት ነው። ሠላሳ ዓመት እንዲሁ ነው የጻፍኩት፣ ያላነበበኝ ሐኪም የለም።» ሽማግሌው መነጽሩን አወለቀ። «ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ፣ ልጄ?»

ወንፊት ሳጥኖቹን መፍታት ጀመረች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ሰው ተረቱን ለሞኙ ስድብ አድርጎ ያስበዋል፤ ለወረቀቱ ምስጋና መሆኑን የሚያስተውል ጥቂት ነው። ወረቀቶቹ የያዙትን አለቀቁም። የሰውየውን፣ የባትሪ አቅላጩን፣ ልጅ ወረቀት አገኘችው። በጋሼ ጠብታ ጥርት ያለ ቁም ጽሑፍ «65+» ይላል። መዝጋቢዋም ከጎኗ ተንበርክካ አብራት ፈታች። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀባቸው። ከመቶ ሠላሳ አንዱ ዜሮ መቶ አሥራ ሁለቱ «3-» ሆኑ። አሥራ ዘጠኙ «65+»።

አሥራ ዘጠኝ ልጅ። አርባ ስድስት የወጣለት ልጅ ተጠርቶ አልጋ ይዟል። ሃምሳ የወጣላት ሁለተኛ መድኃኒቷን ጨርሳለች። መሣሪያ እንኳን ሊለካቸው ያልቻለ ልጆች ግን «ነጻ ናችሁ» ተብለው ወደ ጭሱ ተመልሰዋል። ከሁሉ የባሰባቸው፣ ከሁሉ ደህና ከሆኑት ጋር በአንድ ባዶ ቁጥር ተሸፍነዋል።

«እኔ እንዳየሁት ነው የጻፍኩት» አለች መዝጋቢዋ። «መደመሩን ጭምር ጽፌዋለሁ። እውነቴን ነው፣ ጽፌዋለሁ።»

«አውቃለሁ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም።»

«ግን ቀዩን አጥፊልኝ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«አጥፊ ያልሽው ቀዩን ነው። ዜሮ ጻፊ አላልሽኝም።»

አቶ ለጊዜው ወሬውን ቁጭ ብሎ ሰማ። መጀመሪያ እጁን ራሱ ላይ ጫነ፤ ሰው ነውና ደነገጠ። ቀጥሎ ግን ሥራ አስኪያጅ መሆኑ ትዝ አለው። ሪፖርቱ ለበላይ ተልኳል፤ «አራት መቶ አሥራ ሁለት ልጆች፣ ያለ አንዳች እንከን» ተብሎ።

«ስሚኝ» አለ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ። «አሁን ጩኸት አያስፈልግም። ፕሮግራሙን አስተካክዪው። ልጆቹን ለጊዜው በሚቀጥለው ዙር እናስገባቸዋለን።»

«የሚቀጥለው ዙር ሦስት ወር ነው። ዛሬ ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው፣ መዝገቡ አሥር ላይ ይዘጋል። አሁን ስልክ ብንደውል ይደርሳሉ።»

«ደውለሽ ምን ልትያቸው?»

«ተሳስተናል፣ ልጃችሁ ታሟል፣ አሁኑኑ አምጡ።»

«እንዲህማ አይባልም! ሰፈሩ እዚህ በር ላይ ይሰበሰብብናል። ከፈለግሽ ‹ለተጨማሪ ማጣሪያ ይምጡ› የሚል መልእክት ይላክ።»

«ልጅህ ጤነኛ ነው ተብሎ የተነገረው ሰው ለማጣሪያ ብሎ የቀን ሥራውን ጥሎ ይመጣል? እርስዎ ይመጣሉ?»

«የኔ ልጅ፣ ዝም አይነቅዝም» አለ አቶ ለጊዜው፣ ድምፁን እንደ አባት አለስልሶ። «ደግሞስ ያቺን መስመር የጻፈው ማን እንደሆነ ኮምፒውተሩ ይናገራል አይደል? እኔ ዝም ይበል አልኩሽ፣ ይዋሽ አላልኩሽም። ነገ ኮሚቴ ቢቀመጥ የሚነበበው ያንቺ ስም ነው። ላንቺው አስቤ ነው።»

ለወንፊት የከፋው፣ አቶ ለጊዜው እውነቱን መሆኑ ነው። ፈሪ ሰው እውነት ሲናገር እንዲህ ነው፤ እውነቱን እንደ ድንጋይ አንስቶ ሰውን ይወረውርበታል እንጂ ራሱ አይቆምበትም። ዝም ይበል ብሎ ያዘዘው እሱ ነው። ዝምታውን ወደ ውሸት የለወጠችው ግን እሷ ነች። «አልታወቀም» ብላ ብትጽፍ ኖሮ ቀይ የለም፣ ጩኸት የለም፣ ውሸትም የለም። ያቺ ቃል በእጇ ነበረች። ብስጭቷን በአሥራ ዘጠኝ ሕፃናት ደም ላይ ተወጣችው።

«ስሜ ይነበብ» አለች። «እኔ ልደውል ነው።»

«በመሥሪያ ቤቱ ስልክ አትደውዪም።»

«በራሴ እደውላለሁ።»

ኮሪደሩ ላይ መዝጋቢዋ ስልኳን ይዛ፣ የሌሎቹን አሥራ ስምንት ልጆች የወላጅ ስምና ስልክ በሁለት ወረቀት ገልብጣ ቆማለች። «ዘጠኙን እኔ፣ ቀሪውን አንቺ» አለች። ባትሪ አቅላጩ ሁሉንም ሰምቷል፤ ግድግዳው ስስ ነው። ወጣ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ልጁን በትከሻው ላይ አስቀምጦ ገባ፣ ዋርዱ ላይ ለእናቷ አስረክቦ ስሟን አስጻፈ፣ ተመልሶ መጥቶ ኮሪደሩ ላይ ቆመ።

መደወል ቀላል አልነበረም። አንዷ እናት ወንፊት የጤና ጣቢያ ሰው መሆኗን እንደሰማች «ተባረኩ! ያን ቀን እንቅልፍ ወሰደኝ» ብላ ማመስገን ጀመረች፤ ምስጋናዋን ማቋረጥ ነበረባት። አንድ አባት «አንቺ ማነሽ? ማን ላከሽ?» ብሎ ሁለት ጊዜ ዘጋባት፣ በሦስተኛው አለቀሰ። አንዲት አያት ደግሞ «እኔ መጀመሪያውንም አላመንኳችሁም» ብላ ሳትሰናበት ስልኩን ጣለችው፤ ከሁሉም ቀድማ የደረሰችውም እሷ ነች። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው አሥራ ስምንቱ ወይ ገብተዋል ወይ መንገድ ላይ ናቸው። የአንዱ ልጅ ስልክ ብቻ ይጠራል፣ አይነሳም።

ባትሪ አቅላጩ ወረቀቱን ከወንፊት እጅ ተቀብሎ አየው። «ይቺማ ከኔ ሦስተኛዋ በር ነች» አለ። «ነይ።»

ከፊቷ ይሄዳል፣ አይጠብቃትም። ሰፈሩ ውስጥ መሬቱ ጥቁር ነው፤ የተሰበሩ የባትሪ ሳጥኖች እንደ አጥር ተደርድረዋል። ሦስተኛዋ በር ተቆልፋለች። ከጎን ልብስ የምታሰጣ ሴት አንገቷን ብቅ አደረገች።

«ሄዳለች እኮ፣ አሁን። መናኸሪያ። እናቷ ጋ ልትከርም። ትንሹ ሆዱን እያመመው ነበር፣ ጤና ጣቢያው ደግሞ ደህና ነው አላት፣ እንግዲያው አየር ይቀይር ብላ ነው።»

ሮጡ። መናኸሪያው ውስጥ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሥቷል፤ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጮኻል። ወንፊት በክንዱ ስር ሾልካ ገባች። ባትሪ አቅላጩ ከደረጃው ላይ በጣቱ ጠቆማት፤ ከኋላ ሦስተኛው ወንበር ላይ ወጣት እናት የሁለት ዓመት ልጅ ጭኗ ላይ አስተኝታ ተቀምጣለች።

«እህቴ፣ ከጤና ጣቢያ ነኝ። ልጅሽ ታሟል። መውረድ አለብሽ።»

ወጣቷ ፈገግ አለች። «አይ፣ የሌላ ሰው ይሆናል። የኔ ደህና ነው ተብሏል።»

«የተባለው ስህተት ነው። ይኸው የላብራቶሪው ወረቀት።»

«ወረቀትማ ማንም ያመጣል። አንዴ ደህና ነው፣ አንዴ ታሟል! የቱን ልመን?»

«ልጅሽን ጠበቅ አድርገሽ ያዢ» አሉ ከፊት የተቀመጡ ሴትዮ፣ ወደ ወንፊት በጎን እያዩ። «ዘንድሮ የሌባው ዓይነት ብዙ ነው።»

«እመቤት፣ ወይ ተቀመጪ ወይ ውረጂ!» አለ ረዳቱ።

ባትሪ አቅላጩ ከደረጃው ላይ «እውነቷን ነው፣ የኔዋም ገብታለች» አለ፤ ድምፁ ግን በሞተሩ ተዋጠ።

ወንፊት የወንበሩን ብረት ያዘች። ኮምፒውተር ፊት ተደብቃ የኖረች ሰው፣ አርባ ሰው ፊት መናገር ሞቷ ነበር። «መሣሪያው ልጅሽን መለካት አልቻለም» አለች፣ እየጮኸች። «መርዙ ከሚችለው በላይ ሆነበት። ስንት እንደሆነ አላወቀም። ያላወቀውን ዜሮ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማንም አልጻፈውም፣ እኔ ነኝ። ልጅሽን ደህና ነው ያልኩሽ እኔ ነኝ፣ ደህና አይደለም።»

ወጣቷ ወንፊትን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ሰው ለጥቅሙ ይዋሻል፤ በራሱ ላይ ይህን የመሰለ ነገር ፈጥሮ የሚናገር ግን የለም። ያመነችው ያኔ ነው፤ ማመኗ ፊቷ ላይ ሲወርድ ታየ። ልጁን አቅፋ ተነሣች። ጥቅሏን ከወንበሩ ስር በእግሯ ገፋ አድርጋ ወደ ወንፊት አስጠጋችው፣ ተሸከሚ እንደማለት። ወንፊት ተሸከመችው።

ውጭ ጥቂት እርምጃ እንደተራመዱ ወጣቷ ሳትዞር ጠየቀች። «አሥራ አንድ ቀን ሙሉ እዚያው ጭስ ውስጥ ነበር። በአሥራ አንድ ቀን ስንት ገባበት?»

«አላውቅም» አለች ወንፊት።

ወጣቷ ቆመች። ልጁ ትከሻዋ ላይ ነቅቶ፣ ዓይኑን ገልጦ ወንፊትን ያያታል። «አሁን ቻልሽበት» አለች እናቱ። «ያኔስ አላውቅም ማለት ምን ነበረበት?»

ወንፊት ጥቅሉን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረችው። ባትሪ አቅላጩ መንገዱ መሀል ገብቶ በሁለት እጁ መኪና እያስቆመ ነበር። «እናንተ ሴቶች፣ ቶሎ በሉ!» አለ። አሥር ሰዓት ሊሆን ሃያ ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል፤ ዋርዱ ደግሞ ገና ከመንገዱ ማዶ፣ ከዳገቱ በላይ ነው።